ያለ ወቅቱ ዝናብ፦ የ«ስለት ጃንጥላ» ኮሜዲ የሥራ ማስታወሻ

ደሴ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበ። አንድ ገቢር፣ 4 ትዕይንት። ያለ ሳቅ 61 ደቂቃ ፈጀ፤ ሳቁ ሲጨመር 70 ይሞላል። ተዋናይ 5 ብቻ ነው፦ ጋሽ ይመር፣ ሚስቱ እትዬ ዘይነባ፣ መምሬ፣ ሼህ እና የጎረቤት ልጅ ሰዓዳ።

ታሪኩ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ አንድ ግቢ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል። ዘይነባ «አሁኑኑ ይጠገን» ትላለች፤ ይመር «በጥር ምን ዝናብ አለ? በጥር ከዘነበ እኔ ይመር አይደለሁም» ብሎ ይምላል። ኩርፊያው ከዚያ ይጀምራል። እሱ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፣ 30 ዓመት አብረው የኖሩ። እሱ በድብቅ «ቀድማ ካናገረችኝ ለግሸን ማርያም ጃንጥላ አገባለሁ» ብሎ ይሳላል። እሷም በድብቅ «በጥር አዝንብልኝና ወዳጃ አደርጋለሁ፤ ቡናውም በጉም ከኔ» ትላለች፤ ወዳጃ በወሎ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። እሷ የምትለምነው ዝናቡን ፈልጋ ሳይሆን ባሏን ለመርታት ነው። ሼሁ ይህን ሲሰሙ የሚሉት «የዝናብ ዱዓ ለአዝመራ ነው እንጂ ለባል አይደለም» የሚለው ቃል በንባቡ ላይ ትልቁን ሳቅ አመጣ።

በመጀመሪያው ረቂቅ መጨረሻ ላይ በድምፅ ማጉያ የመልአክ ድምፅ መጥቶ ያስታርቃቸው ነበር። ተሰርዟል። የጥንት ግሪኮች በቲያትራቸው አምላክን በእንጨት ክሬን አንጠልጥለው እያወረዱ ታሪክ ይቋጩ ነበር፤ አርስቶትል ግን መፍትሔው ከታሪኩ ከራሱ ይውጣ እንጂ ከማሽን አይምጣ ብሎ ተችቶታል። እዚህ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ መልአክ ሲናገር የደሴ ተመልካች ወይ ያማትባል ወይ ይሸማቀቃል፤ አይስቅም። ዝናብ ሲዘንብ ግን ሁሉም ለራሱ ይተረጉመዋል። ኮሜዲው ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። ስለዚህ ተአምሩ ዝናብ ብቻ ይሆናል፤ ከማን እንደመጣ መድረኩ አይናገርም።

ቀን፦ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። በጾም ወራት ኮሜዲ ለማየት የሚመጣ ሰው የለም፤ የማታ ልምምድም ከኢፍጣር ጋር ይጋጫል። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ታሪኩም በጥር ነው። ጥር 23 ተያዘ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ላይ ከፋሲካ በኋላ።

ኅዳር 13

ጽሑፉን አንድ ቄስ እና አንድ ሼህ አብረው ተቀምጠው አነበቡት። ይህ ለፈቃድ ሳይሆን ለስህተት ነው፤ ሃይማኖት የሚነካ ኮሜዲ የሚወድቀው በድፍረት ሳይሆን በስህተት ነው። ሃይማኖቱን የሚያውቅ ተመልካች አንድ የተሳሳተ ቃል ከሰማ በኋላ የቀረውን ቀልድ አይሰማም።

የወጡ እርማቶች፦ የስለት ጃንጥላው ላይ መስቀል አይጠለፍ፤ ከፋይና ዘርፍ ይበቃዋል። መምሬ በመድረክ ላይ አይባርኩ፤ እጃቸው የያዘው መቋሚያ ይሁን። ዱዓው ሙሉውን አይባል፤ እጆች ሲዘረጉ መብራቱ ይደብዝዝና ወደሚቀጥለው ይታለፍ። ሦስቱም ተቀባይነት አግኝተዋል። ሦስተኛው እንዲያውም ጨዋታውን 2 ደቂቃ አሳጠረው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። መምሬ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን የኤፌሶን መልእክት ይጠቅሳሉ። ሼሁ ሰው ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት የነቢዩን ቃል ይጠቅሳሉ። ይመር ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይሠራል፦ «የኔ ዛሬ ማታ ያልቃል፤ የሷ ገና ሁለት ቀን ተኩል ይቀረዋል። ታዲያ እኔ ብቻ ልክሰር?» በረቂቁ ይህ ንግግር የመጣው ኩርፊያው 40 ቀን ከሞላው በኋላ ነበር፤ ንባቡ ላይ ማንም አልሳቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሁለቱም ቀነ ገደብ ካለፈ ሒሳቡ ትርጉም የለውም። ወደ ኩርፊያው የመጀመሪያ ማታ ተዛወረ፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ በእውነት ልትጠልቅ ትሽቀዳደማለች። በመስኮቱ በኩል ቢጫ መብራት በ4 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ይመር በየመሐሉ ያየዋል።

ኅዳር 27

የአንቱታ ልምምድ። የጨዋታው ምሰሶ ይህ ስለሆነ ሙሉ ቀን ተሰጠው።

ከኩርፊያው በፊት ባለው 2 ደቂቃ ዘይነባ ባሏን «አንተ» ትለዋለች። ከተኳረፉ በኋላ በሰዓዳ በኩል ብቻ ትልካለች፤ የባሏ ነገር ሲነሣም በአንቱታ ነው፦ «ምሳ ቀርቧል በያቸው»። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ ብርዱ ይገባዋል፤ አክብሮት ሳይሆን በር መዝጋት ነው። በመጨረሻ በዝናቡ ውስጥ «አንተ፣ ግባ!» ስትል ታሪኩ ያልቃል። ስለዚህ በመሐል አንድ ጊዜ እንኳ አፏ ተስቶ «በይው» ካለች መጨረሻው ይሞታል። በዛሬው ልምምድ 5 ጊዜ ተሳሳተች። የሚሳሳተው ግሥ ላይ ነው እንጂ ተውላጠ ስም ላይ አይደለም፦ «ሸሚዛቸውን… ስጪው»። መፍትሔ፦ በጽሑፏ ላይ የአንቱታ ግሥ ሁሉ በቀይ ተሰመረ፤ ሰዓዳም ስህተት ስትሰማ መልእክቱን አታደርስም፤ ቆማ ትጠብቃለች። ይህ ቅጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሠራ።

የመልእክት ቅብብሎሹ 11 ነበር፤ ወደ 7 ወረደ። የመጀመሪያውን ሰዓዳ ቃል በቃል ታደርሳለች፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ክንድ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሁለተኛውን ታሳጥራለች። ሦስተኛው ረጅም ስድብ ነው፤ እሷ ዞር ብላ «ደህና ናት» ትላለች። ከዚያ በኋላ አራተኛው መርዘም የለበትም፤ ተመልካቹ መንገዱን ይዞታልና ቀድሞ ይስቃል። ሳቁ ሲወርድ፣ ገና ሳያልቅ፣ ቀጣዩ ቃል ይገባል። ጨርሶ ዝም እስኪል የሚጠብቅ ተዋናይ ትዕይንቱን ያቀዘቅዘዋል።

ሲናደዱ መሐላቸው ይቀያየራል፦ እሱ «ወላሂ»፣ እሷ «በማርያም»። ይህን ለማንም ማብራራት አያስፈልግም። ተዋናዩ ግን ቃሉን ጎላ አድርጎ ወደ ተመልካች እንዳይወረውረው፤ ይመር እንዳለው ራሱ አያውቅም። የወሎ አነጋገርም እንደዚሁ፤ ያበዛው ሰው ወሎዬን መምሰል ትቶ በወሎዬ ማሾፍ ይጀምራል።

ታኅሣሥ 4

ዝናቡ። ሁለት መንገድ ታየ፦ በፓምፕ ወይም በከፍታ። ፓምፕ ድምፅ አለው፣ መብራትም ይፈልጋል፤ መብራት ከሄደ ተአምሩም አብሮ ይሄዳል። በከፍታ የሚወርድ ውሃ መብራት አይጠይቅም። ተወሰነ።

ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ውጭ፣ ከባሕር ዛፍ አጣና 3.20 ሜትር ቁመት ያለው ማማ ተሠራ፤ 4 ቋሚ፣ በየፊቱ ሰያፍ ማሰሪያ። ላዩ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2 ይቀመጣል። 40 ሊትር 40 ኪሎ ነው፤ ከተዋናይ ራስ በላይ የሚሰቀል ነገር አይደለም፤ ለዚህ ነው ማማው ከጎን የቆመው። ከዚያ ባለ ግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ በ2.70 ሜትር ከፍታ በመድረኩ ላይ አግድም ያልፋል። ዝናብ የሚያወርደው ክፍል 2 ሜትር ነው።

ሙከራ 1፦ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ተበሳ፣ 66 ቀዳዳ። ከመክፈቻው አጠገብ ያሉት ፈሰሱ፤ በወዲያኛው ጫፍ ጠብ ጠብ ብቻ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ የ66ቱ ቀዳዳ ስፋት ሲደመር 207 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የቧንቧው የውስጥ ስፋት ግን 177 ያህል ነው። ቀዳዳዎቹ ከቧንቧው ከበለጡ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል። የቀዳዳዎቹ ድምር ከቧንቧው ግማሽ በታች መሆን አለበት። ቧንቧው ተጣለ።

ታኅሣሥ 11

ሙከራ 2፦ አዲስ ቧንቧ፣ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ድምር 52 ካሬ ሚሊ ሜትር። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ወረደ። አንዱ ጀሪካን 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቆየ፤ ትዕይንቱ የሚፈልገው 3 ደቂቃ ነው። 1 ሚሊ መሰርሰሪያ በቀላሉ ይሰበራል፤ 5 ተገዝቶ 3 ተሰበረ። በጋለ መርፌ የተበሳው ቀዳዳ ጠርዙ ስለሚያብጥ ውሃውን ወደ ጎን ይረጫል፤ አይሞከር።

ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ሲሆኑ ውሃው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሻወር እንጂ ዝናብ አይመስልም። መክፈቻው ሲዘጋም በቧንቧው የቀረው ውሃ ለረጅም ጊዜ ይንጠባጠባል፤ ያ ደግሞ ዘይነባ ዝም የምትልበት ቦታ ላይ ነው። ቧንቧው ተገልብጦ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ሆኑ። ውሃው ትንሽ ዘሎ ይበተንና በጠብታ ይወርዳል፤ ሲዘጋ ወዲያው ይቆማል።

አንድ ብልሽት፦ በ40ኛው ሰከንድ ዝናቡ ራሱ ቆመ። የጀሪካኑ ክዳን ጠብቆ ስለነበር አየር አልገባም። ክዳኑ ተፈቶ ይቀመጣል፤ ይህ በመድረክ ሠራተኛው ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ሆኗል።

ታኅሣሥ 18

ከላሜራ 2.40 በ0.80 ሜትር፣ ጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገበታ ተበየደ። 20 ሊትር ሲወርድበት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ጠርዙ ከበቂ በላይ ነው። ባዶ ላሜራ ላይ ዝናቡ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ተዋናይም ያንሸራትታል። ሁለት ድርብ ጆንያ ሲነጠፍበት ሁለቱም ችግር ጠፋ። ፊቱ በጭቃ ቀለም ተቀብቶ የግቢው ደፍ መሰለ። ከጥጉ ቱቦ ወጥቶ ከመጋረጃ ጀርባ ወዳለ ሳፋ ይፈሳል።

መብራት፦ ዝናብ ከፊት ሲበራበት አይታይም። ባለ 500 ዋት ፓውዛ 2 ከኋላና ከጎን ሲበራ ጠብታው ብር ይመስላል። የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ ከወለል ተነሥቶ በገመድ ተሰቀለ፤ ሶኬት ከገበታው ቢያንስ 3 ሜትር ይርቃል። ሰማያዊ ፕላስቲክ ፓውዛው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በ6 ደቂቃ ቀለጠ። በሽቦ ክፈፍ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጣ።

ጥር 2

ድምፅ። ነጎድጓድ፦ 1 በ2 ሜትር ጠፍጣፋ ላሜራ፣ በሁለት ገመድ ተሰቅሎ ከታች በእጀታ ይናጣል። ቆርቆሮ አይሠራም፤ ሽንሽኑ ያደነድነዋል። ላሜራው ግድግዳ ከነካ ድምፁ ይሞታል። የዝናቡን ድምፅ ደግሞ ሰፌድ ላይ በሚንከባለል እህል፦ ጤፍ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም፣ ምስር ካፊያ ነው፣ አተር ቆርቆሮ የሚመታ ዝናብ ነው፣ ባቄላ ድንጋይ የሚወረወር ይመስላል። አተር በሁለት ሰፌድ፣ ሁለት ሰው።

ቡና፦ ትዕይንቶቹ በአቦል፣ ቶና እና በረካ ተከፋፍለዋል፤ ኩርፊያው ቶና ላይ ስለሚጀምር በረካው እስከ መጨረሻ ሳይቀዳ ይቆያል። ቡናው ቀድሞ ተፈልቶ በፔርሙዝ ይገባል፤ ጀበናው ላይ የሚታየው እንፋሎት ከዚያ ነው። ከሰሉ ግን እውነተኛ ነው፤ ከ15 ደቂቃ በፊት ካልተቀጣጠለ ያጨሳል። እጣን ከ2ኛው ትዕይንት በላይ አይቆይ፤ ጢሱ ከኋላ መብራት ላይ ሲሰፍር የዝናቡን ጠብታ ይውጠዋል። አሸዋ የሞላ ባልዲ ከረከቦቱ ጀርባ።

ጥር 9

መጨረሻው ተቀየረ።

በጽሑፉ ዝናቡ ሲጥል ይመር የስለት ጃንጥላውን ይዘረጋል፤ ዘይነባ ከሥሩ ትገባለች። በልምምድ ሦስት ነገር ተበላሸ። ቀይ ከፋዩ ቀለሙን ለቀቀና ነጭ ነጠላዋ ላይ ደም መሰለ። ዘርፉ ውሃውን ሰብስቦ ፊታቸው ላይ አፈሰሰው። ሦስተኛውና ዋናው፦ ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም «ወይ ሲያምር» አለ። ኮሜዲ ላይ ይህ መጥፎ ምልክት ነው።

ከዚያ ከራሱ ከይመር እምነት ተነሥቶ መፍትሔው መጣ። ጃንጥላው የማርያም ነው እንጂ የሱ አይደለም፤ ታዲያ እንዴት ይዘረጋዋል? ስለዚህ አይዘረጋም። ይልቁንም ጃንጥላው እንዳይርስ ጋቢውን አውልቆ ይጠቀልለዋል፤ ራሱ ይበሰብሳል። ሰው ጃንጥላን ከዝናብ ሲያስጠልል። ቃል የለውም፤ 50 ሰከንድ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ሰማይ ያያል፣ ጃንጥላውን ያያል፣ እጁ ወደ መዘርጊያው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ግሸን አቅጣጫ ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ይጎነበሳል፣ ከዚያ ጋቢው። መጎንበሱ ከጋቢው በኋላ ሲመጣ አያስቅም።

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። መልእክት ልትልክ ሰዓዳን ትጣራለች፤ ሰዓዳ እንቅልፍ ወስዷታል። ሌላ መንገድ የላትም። «አንተ፣ ግባ!» እሱ ስለቱ ደረሰ፤ እሷም ስለቷ ደረሰ፤ በጥርም ዘነበ። መምሬና ሼህ ከግራና ከቀኝ ገብተው ዝናቡ የማን እንደሆነ ሲከራከሩ ጣሪያው በቤት ውስጥ ድስት ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። በረካው ይቀዳል፤ መጋረጃ።

ጃንጥላው አሁን ስለማይዘረጋ ቀለም የማይለቅ ጨርቅ በተራ ጃንጥላ ላይ ተሰፋ፤ ዘርፉ ብቻ ይታያል። ጋቢ ግን 2 ያስፈልጋል። ደረቁ 2 ኪሎ የማይሞላው ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ከ5 ያልፋል፤ በደሴ የጥር ብርድ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደርቅም።

ጥር 16

ሙሉ ልምምድ ከነ መብራቱ። በ3ኛው ትዕይንት መብራት ሄደ፤ እውነተኛው። ተዋናዮቹ የመብራት ምልክት እየጠበቁ ቆሙ፤ 4 ደቂቃ ባከነ። ከዛሬ ጀምሮ የዝናቡ ምልክት የእጅ ደወል ነው። ቻርጅ የሚደረጉ 2 መብራቶች ከፓውዛዎቹ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ለሌሊቱ ትዕይንት ፋኖስ በመድረክ ላይ ከመጀመሪያው ይበራል። ጀነሬተር አይሞከርም፤ የሰፌዱን አተር ይውጠዋል።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካኖቹ ከዋዜማው 4 ሊትር ያህል ጎደል ብለው ይሞላሉ። ከመጋረጃው 10 ደቂቃ በፊት በየጀሪካኑ 4 ሊትር የፈላ ውሃ ይጨመራል፤ አለበለዚያ ይመር መንቀጥቀጥ ይጀምርና ቃሉ አይሰማም። ከሸሚዙ ሥር ስስ ፕላስቲክ።

ጥር 23

ቀረበ። 74 ደቂቃ። የፀሐይዋ ሒሳብ ከታሰበው በላይ ስላሳቀ የመስኮቱ መብራት ሳቁ ሳያልቅ ጠፋ፤ 4 ደቂቃው 5 ይሁን። «ደህና ናት» ላይ ሰዓዳ ቸኮለች። ጋቢው ላይ ሳቁ መጣ፣ «ግባ» ላይ ዝምታ፣ ከዚያ ጭብጨባ። አንቱታው አንድ ጊዜም አልተሳተም።

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 17

ገበታው በሐረጎ ቁልቁለት በጭነት መኪና ወረደ፤ በጆንያ ሳይታሰር ስለተጫነ አንዱ ጥጉ ተጣሞ ያፈስ ነበር፤ በሬንጅ ተደፈነ። አዳራሹ ከደሴው 1 ሜትር ይጠባል፤ ማማው ከመጋረጃ ውጭ ቦታ ስላጣ ከውጭ ግድግዳ ጋር ቆሞ ቧንቧው በመስኮት ገባ። እዚህ ስለሚሞቅ የፈላ ውሃው ቀረ።

በ2ኛው ትዕይንት የበልግ ዝናብ በእውነት መጣና የአዳራሹን ቆርቆሮ ይመታ ጀመር። ቅብብሎሹ በጩኸት ሆነ፤ ሰዓዳ በራሷ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ምን አሉ?» ማለት ጀመረች፤ ይህ ይያዝ። የሰፌዱ አተር ከእውነተኛው ጎን ውሸት ስለመሰለ ቆመ፤ ላሜራውም አልተናጠም። ደወሉ ሲመታ ግን ቧንቧው ተከፈተ፤ በዚያ ሰዓት ከፊት ረድፍ የነበሩ ተመልካቾች የአዳራሹ ጣሪያ ያፈሰሰ መስሏቸው ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። ይመር ጃንጥላውን በጋቢ መጠቅለል ሲጀምር ነው የተመለሱት። ለሚቀጥለው፦ ውጭ ዝናብ ካለ ቧንቧው ከመከፈቱ በፊት የኋላ መብራቱ 5 ሰከንድ ይቅደም፤ የፊት ረድፍም ከገበታው 2 ሜትር ይራቅ።